የገንዳው ለቅሶ

«እንግዳና ደንበኛ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብለው ቀኛዝማች አድማሴ በጠየቋት ጊዜ ሀብትነሽ ጨርቋን ይዛ ቀና አለች። ማለዳ ነበር፤ የሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት። እሷ የሆቴላቸውን ደረጃ ተንበርክካ በሰም ትወለውላለች፤ እሳቸው ከገጠር ርስታቸው ሙክት ሊያመጡ በቅሎ አስጭነው፣ አንድ እግራቸውን እርካብ ላይ አድርገው ቆመዋል። «ሁለቱም ይበላሉ» አለች ጨንቋት። ቀኛዝማች እግራቸውን ከእርካቡ አወረዱ።

«ይኸውልሽ! ይኸው ነው የፈራሁት! ስሚ፣ ዛሬ የሚመጣው ሰውዬ ደንበኛ ነው። እግር ማጠብ የለም። በሞቴ ይጉረሱ የለም። እናትዎ ደህና ናቸው ወይ፣ ከብቱ ረባ ወይ የለም። ደንበኛ ማለት ዝም ሲሉት ደስ የሚለው ሰው ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ» አለች። አልገባትም። ዝም ሲሉት ደስ የሚለው ሰው በዕድሜዋ አላየችም፤ እንኳን ሰው በሬም ዝም ሲሉት ያኮርፋል። ቀኛዝማች ግን ከረባታቸውን በጋቢያቸው ላይ አስተካክለው፣ በቅሏቸውን ኮርኩረው ሄዱ።

የሚጠበቁት ሰውዬ አቶ ሃይለ ሚካኤል ይባላሉ፤ የአውቶቡስ ኩባንያ ተቆጣጣሪ ናቸው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ሊመላለስ የታሰበው አዲስ አውቶቡስ መንገድ ላይ አንድ ሌሊት ማደር አለበት፤ ፍኖተ ሰላም ይደር ወይስ ቡሬ የሚለውን የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው። ቡሬ ካደረ ሆቴሉ ይሞላል። ፍኖተ ሰላም ካደረ ግን ቀኛዝማች በሩን ዘግተው ቤቱን የእህል ጎተራ ሊያደርጉት በማርያም ምለዋል። ጎተራ ደግሞ አልጋ አንጣፊ አያሻውም። ሀብትነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከልጇ ከእታለም ጋር የምትኖረው ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ነው፤ ሰው ደረጃውን ሲወጣ አቧራው ወጥ ድስታቸው ላይ ይወርዳል፣ ቢሆንም ቤት ነው። ከዚያች ክፍል ከወጡ መግቢያቸው ቋሪት ነው፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ፣ ወንድሟ አያ እጅጉ ዘንድ። አያ እጅጉ ደግሞ ለእታለም ባል ካዩላት ቆይተዋል። «ፊደሉ ይበቃታል፤ ልጁ ሦስት ጥማድ በሬ አለው» ይላሉ በመጡ ቁጥር። እታለም ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ስለ በሬ ሲነሣ ተነሥታ ትወጣለች።

ቤቱን የሠራው ጣልያን ነው። ገሚሱ ሰው ኮሎኔል ነበር ይላል፣ ገሚሱ መንገድ ሠሪ ነበር ይላል፤ ለሚስቱ የሠራላት ነው፣ እሷ ግን ባሕሩን ፈርታ ሳትመጣ ቀረች የሚልም አለ። ባለ አንድ ፎቅ ነው፤ በሮቹ በቅስት የተሠሩ፣ ደረጃው ከቀይ እንጨት፣ ሰገነቱ እስከ ገበያው ድረስ የሚያሳይ። ጣልያን ሲወጣ የጣራው ቆርቆሮ ወደየሰዉ ቤት ተበታተነ። ምድር ቤቱ መጀመሪያ ችሎት፣ ቀጥሎ የጤፍ መጋዘን፣ ቀጥሎ የበቅሎ ጋጥ ሆነ፤ ፎቁን እርግብ ወረሰው። ቀኛዝማች አሥመራ ደርሰው የመጡ ጊዜ ነው ሆቴል ለመክፈት ልባቸው የተነሣው። ገዝተው አሳደሱት። ግድግዳውን ቢጫ አስቀቡ፤ የሰው ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስተዋት ከበሩ ግራና ቀኝ አቆሙ፤ የቡሬም ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሊያድር ሳይሆን ከኋላው ምን እንደሚመስል ሊያይ ነበር። ለክፍሎቹ በቁጥር ፋንታ ስም አወጡላቸው፤ ዓባይ፣ ጮቄ፣ ጊሽ፣ ዳሞት። ሀብትነሽ ማታ ማታ ከጎልማሶች ጋር መምሬ ዓለምብርሃን ዘንድ ፊደል ትቆጥራለችና፣ አልጋ ልታነጥፍ ስትሄድ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ ስሙን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ታውቀዋለች፤ ምናልባት ሌሊት ተለውጦ እንደሆነ ብላ ነው።

የሆቴሉ ኩራት ግን ገንዳው ነበር። ቀኛዝማች «ባኞ» ይሉታል። ነጭ፣ ረጅም፣ አራት የአንበሳ እግር ያለው። ጣልያኑ ትቶት ከሄደ በኋላ ያልደረሰበት የለም፤ አንዱ ቆዳ ዘፈዘፈበት፣ አንዷ ጌሾ፣ በመጨረሻ አንድ ገበሬ ጥጃ ሲያጠጣበት ተገኝቶ በጊደር ተለውጦ ተመለሰ። አልጋ ሦስት ብር፣ ከነባኞው አራት ብር ሲባል ከተማው ሳቀ፤ በአንድ ብር ሁለት ዶሮ ይገዛ ነበርና፣ ሁለት ዶሮ ከፍሎ የሚታጠብ ማን እብድ አለ? እውነትም እስከዚያን ቀን ማንም አልገባበትም። ሀብትነሽ በየቀኑ በአመድ ትፈትገዋለች፤ ምን እንደሚደረግበት ግን የነገራት የለም። ከብዙ ሐሳብ በኋላ የእንግዳ እግር ማጠቢያ ነው ብላ ወሰነች። ጣልያን ሁሉን ነገር ማስፋት ይወዳል።

አቶ ሃይለ ሚካኤል ረፋዱ ላይ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ወፍራም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ግራጫ ኮት፣ ባርኔጣ፣ አቧራ ውስጥ እንኳ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ፍኖተ ሰላሞች ትናንት ሙክት ጥለው፣ ጠጅ አጠጥተው፣ እስኪነጋ አዝማሪ አስዘፍነው እንቅልፍ ነሥተዋቸዋል። ሾፌራቸው ጎማ ሊያስለጥፍ ሄደ። «እመት፣ ውሃ ይሙቅልኝና ገንዳው ይሞላ» አሉ። ውሃ ቀጂው ባዬ በአህዮቹ እየተመላለሰ በርሜሉን ሞላ፣ ተጥዶ ፈላ፣ እየተቀዳ ወደ ላይ ወጣ።

«ይህን ሁሉ ውሃ ለሁለት እግር?» አለ ባዬ እያለከለከ።

«ትልቅ ሰው ናቸው» አለች ሀብትነሽ።

በሩ ተዘጋ። እሷ ፎጣ ይዛ ከውጭ ቆመች። እግራቸውን ላጥብ እንዳትል ተከልክላለች፤ ትታ እንዳትሄድ ደግሞ እናቷ ያሳደገቻት አስተዳደግ አይፈቅድላትም፤ የመንገድ ሰው እግሩን ራሱ ሲያጥብ ቆሞ መስማት ነውር ነው። ለጥቂት ጊዜ ውሃው ይንቦጫረቅ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ቆየ። አሁንም ዝም። ደንበኛ ዝም ሲሉት ደስ ይለዋል፣ እሺ፤ ደንበኛው ራሱ ዝም ሲልስ? «ጌታዬ?» አለች። መልስ የለም። አንኳኳች፤ ደግማ አንኳኳች፤ በስመ አብ ብላ በሩን ገፋ አደረገች።

ሰውዬው በነጩ ሣጥን ውስጥ በጀርባቸው ተጋድመዋል። እጃቸው ደረታቸው ላይ ተጣምሯል። ፊታቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ታጥበዋል። ሀብትነሽ የታጠበ፣ እጁን ያጣመረ፣ ፊቱ የተሸፈነ ሰው በሕይወቷ ብዙ ጊዜ አይታለች፤ ከዚያ ተነሥቶ ራት የበላ ግን አንድም የለም። በአንድ ጣቷ የእግራቸውን አውራ ጣት ነካች። ውሃው ከቀዘቀዘ ቆይቶ ነበርና ጣታቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ነው።

ጩኸት አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። ከጮኸች የሆቴሉ ደንበኛ ሞተ ይባላል፤ ሰው የሞተበት ቤት ደግሞ አውቶቡስ አያድርም። ቋሪት፣ አያ እጅጉ፣ ሦስት ጥማድ በሬ፣ ሁሉም በዓይኗ ላይ ሄዱ። ዝም ብትልስ? ሰውዬው በማያውቁት አገር፣ ወገን በሌለበት፣ እንደ ዕቃ ዝም ተብለው ሊውሉ ነው። እናት ይኖራቸው ይሆናል። አዲሱን አንሶላ አምጥታ ገንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈነች፤ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትንሽ አለቀሰች፤ አልበቃም፤ በጓሮ ዞራ እህተ ማርያም ዘንድ ሄደች። እህተ ማርያም የቡሬ አልቃሽ ናት። እሷ ያላለቀሰችለት ሰው በደንብ ሞተ አይባልም።

«ቀስ ብለሽ አልቅሺላቸው፣ አደራሽን። በሹክሹክታ።»

«በሹክሹክታ?» አለች እህተ ማርያም፣ እንደተሰደበ ሰው። «እኔ እህተ ማርያም በሹክሹክታ የሸኘሁት ሰው አለ? የኔ እናት፣ ለዶሮም ቢሆን በሹክሹክታ አላለቅስም። ልብሱን አውጪልኝ፤ ባዶ እጄን ምን ላንሣ?»

ልማዱ ነው፤ የሟች ልብስና ጠመንጃ ካልወጣ ለቅሶው ለቅሶ አይሆንም። ሀብትነሽ ኮቱን፣ ሱሪውን፣ ከረባቱን፣ ባርኔጣውን፣ ጫማውን አንድም ሳታስቀር ተሸክማ ወደ ግቢ አወረደች። ጠመንጃ ተፈለገ፤ የለም። ጃንጥላ ተገኘ። ባዬ ጃንጥላውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ለማያውቀው ሰው እየፎከረ ግቢውን ዞረ። ሬሳውን ገብቶ ልገንዝ ያለ ግን አልነበረም፤ የኩባንያ ሰው ነው፣ ቀኛዝማች ሳይመጡ ማን ይነካል? እህተ ማርያም ሱሪውን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ጀመረች፤

*አገሩ ማን ይሆን ዘመዱስ ከወዴት፣*
*እንግዳ ወደቀ ከማያውቁት ሰው ቤት።*

ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ። የሰሙት መጡ፣ የመጡትን ያዩ ደግሞ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢውን፣ ሰገነቱን፣ ደረጃውን ሞሉት፤ አንዳንዶቹ በመስተዋቱ ሲያልፉ ቆም ብለው ሲያለቅሱ እንዴት እንደሚመስሉ አዩ። ጎረቤት ንፍሮ ጣደ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ነው የሚያለቅሰው። እታለም ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን በሕዝቡ መሀል አገኘቻት።

«እማ፣ ማን ሞተ?»

«ተቆጣጣሪው።»

እታለም ደብተሯን ታቅፋ ደረጃው ሥር ወዳለችው ክፍላቸው በር ተመለከተች። ቁጭ ብላ፣ ከግቢው ሰው ሁሉ ይበልጥ፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ሀብትነሽ አጠገቧ ቆመች። እናትና ልጅ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ስለ ቋሪት ብዙ ነገር ተነጋገሩ።

በዚህ መሀል ቀኛዝማች አድማሴ ሙክታቸውን አስጎትተው ደረሱ። ግራጫውን ሱሪ በአየር ላይ ሲያዩ በቅሏቸው ቆመች።

«ምንድን ነው? የማን ሱሪ ነው?»

«የደንበኛዎ ነው ጌታዬ» አለች ሀብትነሽ። «ዐረፉ።»

ቀኛዝማች ከበቅሎ ወረዱ ከማለት ወደቁ ማለት ይቀላል። ጋቢያቸውን ጥለው፣ ከረባታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ወየው አውቶቡሴ! ወየው አውቶቡሴ!» እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ሴቶቹ ነገሩ ባይገባቸውም ጨዋዎች ናቸውና፣ «ወየው አውቶቡሴ!» ብለው ተቀበሏቸው። አውቶቡስ የሟች የፈረስ ስም መስሏቸው የተከዙም ነበሩ። እህተ ማርያም ጫማውን አነሣች፤

*ጫማው መስታወት ነው ኮቱም የሱፍ ግምጃ፣*
*ምነው እንዲህ ያለው ተኛ ያለ ስጋጃ።*

መምሬ ዓለምብርሃን ጽናቸውን ይዘው ለፍትሐት ወደ ላይ ወጡ፤ ሀብትነሽ መንገድ እየመራች ተከተለች። በበሩ በኩል የእህተ ማርያም ድምፅ ይገባል፤

*እናትም ባይኖርህ እኔ ልሁን እናት፣*
*አይሄድም ሳይለቀስ እንግዳ ከኛ ቤት።*

መምሬ አንሶላው ፊት ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ተጨነቁ። ፍትሐት ያለ ክርስትና ስም አይሆንም፤ ሃይለ ሚካኤል የዓለም ስሙ ይሁን የክርስትና ማን ያውቃል?

«ሀብትነሽ፣ የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«አላውቅም የኔታ። ስለ ቤተሰብ እንዳልጠይቅ ተከልክዬ ነበር።»

«ታዲያ በማን ስም ላውጣው? እግዚአብሔር ሆይ፣ የዚህን ነፍስ የክርስትና ስም ማን ይነግረኛል?»

«ገብረሰንበት» አለ አንሶላው።

መምሬ ልማድ ሆኖባቸው «ነፍሰ ገብረሰንበት...» ብለው ጀመሩ። ጽናውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ። የሚያውቁትን የዳዊት መዝሙር ሁሉ በአንድ ትንፋሽ እየደገሙ ደረጃውን ወረዱ፤ ለሽማግሌ በጣም ፈጣን ነበሩ። አንሶላው ተነሥቶ ቆመ፤ ውሃ ይንጠባጠባል። ሀብትነሽ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቀረች። አንሶላው አጠገቧ አልፎ፣ ልብሱን ፍለጋ፣ ወደ ሰገነቱ ወጣ።

«እባካችሁ፣ ሱሪዬን!» አለ።

ግቢው ውስጥ የነበረው ሕዝብ ነጭ ለብሶ የቆመውን ሬሳ አየ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ነው የሚያወራው። ባዬ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከሥሩ ተደበቀ። የንፍሮው ድስት ተገለበጠ። ቀኛዝማች በቅሎ ላይ እወጣለሁ ብለው ሙክቱ ላይ ወጡ፤ ሙክቱም እስከ በሩ ድረስ ወሰዳቸው፣ ከዚያ አልቻለም። በዐይን ጥቅሻ ውስጥ ግቢው ባዶ ሆነ፤ አንዲት እህተ ማርያም ብቻ ሱሪውን ይዛ ቆማለች።

«ይመለሱና ይተኙ!» አለች ወደ ላይ እያየች። «ገና አልጨረስኩም!»

ሀብትነሽ ያንን ሱሪ ተቀብላ እንዴት እንዳደረሰች አታውቅም። የምታውቀው ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ነው። በጓሮ ከፈረሰው የጣልያን ምንጭ የተረፈ የአንበሳ ፊት ያለው ድንጋይ ነበር፤ እሱን አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ ጎንበስ ብላ ዳሞት ክፍል በር ላይ ቆመች። ይቅርታ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ከኋላዋ ቀኛዝማች የሙክቱን ጸጉር ከጋቢያቸው እያራገፉ «ከዚህ ቤት ዛሬውኑ ትወጫለሽ! ልጅሽንም ይዘሽ!» ይላሉ። አቶ ሃይለ ሚካኤል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለብሰዋል፣ ጸጉራቸው ግን እርጥብ ነው።

«ድንጋዩን አውርጂው እመት። አንበሳው እያየኝ ነው።»

«ይማሩኝ ጌታዬ።»

«ለመሆኑ አልቃሽ ስትጠሪ እንደምትባረሪ አላወቅሽም ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ወገን የለዎትም ብዬ ነው። ሰው ሳይለቀስለት እንዴት ይውላል?» ድንጋዩን አላወረደችም። «እናት ካለዎት፣ አልቅሰውለታል ሲባሉ ይጽናናሉ ብዬ ነው።»

አቶ ሃይለ ሚካኤል እርጥብ ጸጉራቸውን በመዳፋቸው ወደ ኋላ አበሱ። እናት አልነበራቸውም፤ አዲስ አበባ የሚያድሩት በኪራይ ክፍል ነው፤ የቤቱ ባለቤት እንኳ የክርስትና ስማቸውን አታውቅም። ይህን የተናገሩት ኋላ፣ ለእህተ ማርያም ነው። ያኔ ያሉት ሌላ ነው። «የነቃሁት አልቃሿ ጫማው ላይ ስትደርስ ነበር» አሉ። «ልነሣ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ምን እንደምትል ልስማ ብዬ ቆየሁ።» ወደ ቀኛዝማች ዞሩ። «ሴትዮዋን ይተዉአት። ንፍሮ የተረፈ ካለ ይምጣልኝ።»

የተረፈ ነበር። የራሳቸውን የለቅሶ ንፍሮ ጥርግ አድርገው በልተው ጨረሱት። ሰዉም ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በአጥር ጫፍ፣ ቀጥሎ በበሩ፣ ተመለሰ፤ መምሬ ጽናቸውን ሊወስዱ መጥተው ተቀመጡ፤ ሙክቱ ታረደ፤ እህተ ማርያም የቀረውን ሙሾ ለሰውዬው ፊት ለፊት ጨረሰችው፤ እሳቸውም ሰምተው፣ አንዲት ቤት እንድትደገምላቸው ጠየቁ። «እኔ ልሁን እናት» ያለችውን። በማግሥቱ ጠዋት ለአልጋና ለባኞ ሊከፍሉ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ቀኛዝማች እጃቸውን ያዙ። «እግዚኦ! በለቅሶ ቤት ሒሳብ ይከፈላል እንዴ?» አሉ። ተቆጣጣሪው ስለ አውቶቡሱ አንድም ቃል ሳይናገሩ መኪናቸው ውስጥ ገቡ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ቢጫውን ግድግዳ አረጠበው። ሀብትነሽ ገንዳውን በአመድ መፈተጓን አልተወችም፤ ቀኛዝማች ጎተራ ስለሚሆነው ቤት ከነጋዴ ጋር ሲነጋገሩ እየሰማች ትፈትጋለች። አያ እጅጉ በነሐሴ መጥተው የልጁን በሬዎች ስም ሳይቀር ቆጠሩላት። እታለም የስምንተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ግን ባሕር ዳር ነው፣ የአባቷ እህት ያለችበት፤ ባሕር ዳርን ደግሞ በእግር ማን ይደርሰዋል? ስለዚህ እናትና ልጅ ስለ ባሕር ዳር አይነጋገሩም ነበር።

በመስከረም አንድ ምሽት አውቶቡሱ መጣ። ቡሬ ከዚያ በፊት ያንን የሚያህል ነገር አላየችም። በቅስቱ በር ፊት ቆሞ ተነፈሰ፤ ሾፌሩ ወርዶ ማደሪያችን ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው ተብለናል አለ። አንድ ማስጠንቀቂያም ይዟል፤ ተሳፋሪ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ ቢገኝ፣ ከማልቀስ በፊት ይቀስቀስ። ቀኛዝማች አውቶቡሱን ግራና ቀኝ ሳሙት። ዓባይ፣ ጮቄ፣ ጊሽ፣ ዳሞት ሁሉም ሞሉ። ሀብትነሽ እስኪነጋ ድረስ ስታነጥፍ፣ ስታጥፍ፣ የእያንዳንዱን ሰው እናትና አባት ደህንነት ስትጠይቅ አደረች፤ ዝም በይ ያላት የለም።

ጠዋት አውቶቡሱ ሲነሣ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን ማንም ሳይነግራት አነበበችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ባሕር ዳር ይላል። እታለም በመስኮቱ በኩል ደብተሯን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሀብትነሽ ደግማ አነበበችው፤ ምናልባት ሌሊት ተለውጦ እንደሆነ ብላ። አልተለወጠም። ቀኛዝማች ቀሩ፣ ገንዳው ቀረ፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ቀረች፣ ሀብትነሽም ቀረች። እታለም ሄደች።